መሰናክል ጥሶ የማለፍ ችሎታ እንዳይጠፋ፤ የትኛውን ልምምድ እንምረጥ?

የውጊያ መሐንዲሶች ብዙ ሥራ አላቸው። መንገድ ይጠርጋሉ፣ ድልድይ ይዘረጋሉ፣ ምሽግ ይቆፍራሉ። እነዚህን በሰላም ጊዜም ስለሚሠሯቸው እጃቸው አይፈታም። ፈንጂ የተቀበረበትን ሜዳ፣ የእሾህ ሽቦንና የታንክ ማገጃ ቦይን በጠላት ተኩስ ሥር ጥሶ ለሌላው ጦር መንገድ መክፈት ግን የተለየ ነው። ሆን ብለው ካልተለማመዱት የዕለት ሥራቸው አያስታውሳቸውም። የሚያስፈልግበት ቀን ሲመጣ ደግሞ ለክለሳ ጊዜ አይኖርም።

አዛዡና አሠልጣኙ መለማመድ እንደሚያስፈልግ ያውቃሉ። የሚቸግራቸው ምርጫው ነው። ጊዜው፣ ነዳጁና ፈንጂው ውስን ነው። አማራጩ ደግሞ ብዙ ነው። በአሸዋ ገበታ ዙሪያ መነጋገር አለ። የማይፈነዳ የልምምድ ፈንጂ ይዞ በሰፈር አቅራቢያ መሥራት አለ። ሲሙሌተር፣ ማለትም ሥራውን በስክሪን ላይ የሚያስመስል ማሠልጠኛ አለ። እውነተኛ ፈንጂ ማፈንዳት አለ። ከታንክ፣ ከእግረኛና ከመድፍ ጋር የሚደረግ ትልቅ ልምምድም አለ።

ሁሉም ይጠቅማሉ፤ የሚጠብቁት ችሎታ ግን ይለያያል። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ክፍሎች ከሚገባው በላይ ተስፋ የሚጥሉት በፍንዳታው ላይ ነው። ቀድሞ የሚጠፋው ግን በሰዎች መካከል ያለው ቅንጅት ነው። ምርጫውም ከዚህ መነሳት አለበት። (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ቀድሞ የሚጠፋው ምንድን ነው?

መሰናክል መጣስ የአንድ ክፍል ሥራ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ጦር መመሪያ ሥራውን በአምስት ይከፍለዋል። መጀመሪያ ጠላትን በተኩስ አንገት ማስደፋት። ቀጥሎ በጭስ ዓይኑን መጋረድ። ከዚያ የሚጣሰውን ቦታ ከጥቃት መጠበቅ። አራተኛው መሰናክሉን ማስወገድ ነው። አምስተኛው በተከፈተው መተላለፊያ ገብቶ ማጥቃት ነው። ኃይሉም ደጋፊ፣ ጣሽና አጥቂ ተብሎ በሦስት ይደራጃል። ሌሎች ጦሮችም ስሙን ይለውጡት እንጂ አካሄዳቸው ከዚህ ብዙም አይርቅም።

መሐንዲሱ በዋናነት የሚሠራው አራተኛውን ነው። የፊተኞቹ ሦስቱ ካልተሠሩ ግን አራተኛውን የሚሞክር ሰው በሕይወት አይመለስም።

በዚህ ሥራ ውስጥ ሦስት ዓይነት ችሎታ አለ። አንደኛው የእጅ ነው፤ ፈንጂ ማሰር፣ ሽቦ መቁረጥ፣ መመርመሪያ መሣሪያ መያዝ፣ የተቀበረ ፈንጂ ገፍቶ የሚያወጣ ማረሻ የተገጠመለትን ተሽከርካሪ መንዳት። ሁለተኛው የቅደም ተከተል ነው፤ የማስወንጨፊያውን (የፈንጂ ገመድ በሮኬት የሚተኩሰውን መሣሪያ) ዝግጅት፣ አልፈነዳ ያለ ፈንጂ ሲያጋጥም የሚወሰደውን እርምጃ፣ መተላለፊያውን የማረጋገጥና ምልክት የማድረግ ሂደት። ሦስተኛው የቅንጅት ነው፤ ጭሱ መቼ ይጀምር፣ ተኩሱ መቼ ይዙር፣ የመጀመሪያው ታንክ መቼ ይግባ፣ ማን ለማን በየትኛው ሬዲዮ ይናገር።

ሰው የተማረውን እንዴት እንደሚረሳ ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 ካሳተመው ሥራ ጀምሮ ብዙ ተጠንቷል። ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ የታየው ነገር ለእኛ ጉዳይ በቀጥታ ይጠቅማል። መንዳትን የመሰለ፣ ሰውነት ሳያቋርጥ የሚሠራው ሥራ ቶሎ አይጠፋም። ብዙ ደረጃ ያለውና አንዱ ደረጃ ቀጣዩን የማያስታውስ ሥራ ግን ቶሎ ይጠፋል። በአንድ ጊዜ ታጭቆ የተሰጠ ልምምድ በየጊዜው ተከፋፍሎ ከተሰጠው ፈጥኖ ይረሳል። አንድን ነገር በትክክል ከሠሩት በኋላም ደግሞ ደጋግሞ መሥራት ትዝታውን ያረዝመዋል።

ስለዚህ ሹፌሩ ከወራት በኋላ ተመልሶ ማረሻውን ይነዳዋል። የማስወንጨፊያው ቡድን ግን የዝግጅቱን ሦስተኛና አራተኛ ደረጃ ያምታታል። ቅንጅቱ ደግሞ የባሰ ነው። እሱ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ የተቀመጠ አይደለም። የጋንታ መሪው ሲዛወር፣ የመድፍ ታዛቢው ሲቀየር፣ አዲስ የሻምበል አዛዥ ሲመጣ አብሮ ይፈርሳል። ማንም ምንም ሳይረሳ ክፍሉ ረስቶት ይገኛል።

የአሸዋ ገበታና በእግር የሚደረግ ልምምድ

ርካሹ አማራጭ ይህ ነው። መሬቱን በአሸዋ ወይም በአፈር ቀርጾ፣ መሰናክሉን በገመድና በድንጋይ አሳይቶ፣ እያንዳንዱ መሪ የሚሠራውን በቦታው እየቆመ ይናገራል። ሰፋ ካለም ሰዎች ራሳቸው ተሽከርካሪውን ወክለው በሜዳው ላይ ይራመዳሉ። ፈንጂ አይጠይቅም፣ ነዳጅ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የእግረኛው፣ የታንከኛውና የመድፈኛው መሪ አብረው እንዲገኙ ብቻ ነው። አስቸጋሪውም እሱ ነው።

ለቅንጅት ከዚህ የተሻለ ዋጋ የሚያወጣ ነገር የለም። ጦርነት ቀርቦ ዒላማው ሲታወቅ ደግሞ በእውነተኛ ልክ ማድረግ ይቻላል። በ1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት የምድር ጥቃት ከመጀመሩ በፊት የአሜሪካው 1ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር የኢራቅን ምሽግ የሚመስል ልምምድ ቦታ በረሃው ላይ ሠርቶ ተለማምዶበታል። በ1973 የስዊዝ ቦይን የተሻገሩት የግብፅ መሐንዲሶችም በቦይው ምሥራቃዊ ዳርቻ የቆመውን ከፍተኛ የአሸዋ ግንብ በውኃ ግፊት ለመናድ አስቀድመው ደጋግመው ተለማምደዋል። ሐሳቡን ያመጣው ባኪ ዛኪ ዩሱፍ የተባለ መሐንዲስ መኮንን ነበር። ጥቅምት 6 ቀን 1973 ፓምፖቹ ሲከፈቱ ግንቡ በሰዓታት ውስጥ በብዙ ቦታ ተበጠሰ።

ከግብፆቹ የምንማረው ግን አንድ ገደብም አለ። እነሱ አንድ የታወቀ መሰናክል ነበራቸው። መቼና የት እንደሚሻገሩ ያቀደላቸው አካልም ነበር። የእናንተ ክፍል ነገ ምን እንደሚገጥመው የማያውቅ ከሆነ አንድን መሬት በቃል መሸምደድ አይጠቅመውም። የአሸዋ ገበታውን በየጊዜው ቀይሩት። አንድ ጊዜ ቦይ፣ አንድ ጊዜ ጥልቅ የፈንጂ ሜዳ፣ አንድ ጊዜ ጠባብ የከተማ መንገድ ይሁን።

የዚህ ልምምድ ድክመት ሁሉም ሰው ራሱን ነቅንቆ መስማማቱ ነው። "ገባችሁ?" ሲባል "ገብቶናል!" ይባልና ያልቃል። መድኃኒቱ ጥያቄውን መለወጥ ነው። እያንዳንዱ መሪ የሚሠራውን ብቻ ሳይሆን ለመጀመር የሚጠብቀውን ምልክት ይናገር። "ጭሱ መስመሩን ሲሸፍን ከደጋፊው አዛዥ እሰማለሁ፣ ከዚያ እነሳለሁ" ይበል። ቀጥሎ አሠልጣኙ ያንን ምልክት ያጥፋው። ሬዲዮው ተበላሽቷል ይበል። ነፋሱ ጭሱን ወሰደው ይበል። የጋንታ መሪው ቆስሏል ይበል። ልምምዱ ልምምድ የሚሆነው ከዚህ በኋላ ነው።

እጅን ግን አያሠለጥንም። በአሸዋ ገበታ ብቻ የሚኖር ክፍል ጥሩ ተናጋሪ ይሆናል።

ያለ ፍንዳታ በሜዳ ላይ መለማመድ

አንድ አማራጭ ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ። ከሰፈር ብዙ ሳይርቁ፣ እውነተኛ ሽቦ ዘርግቶ፣ የማይፈነዱ የልምምድ ፈንጂዎች ቀብሮ፣ ርቀቱን በትክክል ለክቶ ደጋግሞ መሥራት ነው።

የዚህ አማራጭ ጥንካሬ በኤል አላሜይን ታይቷል። በ1942 መገባደጃ የጀርመንና የጣሊያን ጦር በግብፅ በረሃ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ፈንጂ ቀብሮ ነበር። የብሪታኒያ 8ኛ ጦር መሐንዲሶች እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱ ክፍል በራሱ መንገድ ነበር የሚጠርገው። ከዚያ በሻለቃ ፒተር ሙር የሚመራ የፈንጂ ማጽዳት ትምህርት ቤት ተቋቋመ። ሥራው ወደ አንድ ወጥ አሠራር ተቀየረ። ማን መመርመሪያ ይይዛል፣ ማን ምልክት ያደርጋል፣ ማን ያወጣል፣ ማን ገመዱን ይዘረጋል የሚለው ተወሰነ። ፖላንዳዊው ዮዜፍ ኮሳትስኪ የፈለሰፈው መመርመሪያ መሣሪያም ደረሰ። ውጊያው በጥቅምት 23 ምሽት ሲጀመር መሐንዲሶቹ በጨለማ፣ በአቧራና በተኩስ ውስጥ የሠሩት ቀድመው በእጃቸው የለመዱትን ነበር። መሣሪያው አዲስ ነበር፤ ብዛቱም ለሁሉም አልበቃም። ብዙዎቹ በሳንጃ እየወጉ ፈልገዋል። ያም ሆኖ አሠራሩ አንድ ስለነበር ሥራው አልቆመም።

ዛሬም እንዲሁ ነው። ሚክሊክ የሚባለውን በሮኬት የሚወነጨፍ የፈንጂ ገመድ ውሰዱ። ገመዱ ወደ 107 ሜትር ይረዝማል። ወደ 790 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፈንጂ ይዟል። ሲፈነዳ 8 ሜትር ስፋትና 100 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው መተላለፊያ ይከፍታል። የፈንጂ ሜዳው ከዚያ የጠለቀ ከሆነ ሁለተኛው ማስወንጨፊያ በተከፈተው መተላለፊያ ውስጥ ገብቶ መተኮስ አለበት። ከባዱ ነገር እዚህ ነው። ሁለተኛው ተሽከርካሪ ምን ያህል ይገባል? ከፊቱ ያለው ማረሻ የት ይቆማል? የመጀመሪያው ፍንዳታ ያልነካው ፈንጂ እንዳለስ ማን ያረጋግጣል? ይህ ሁሉ አንድ ግራም ፈንጂ ሳይጠፋ ሊለማመዱት የሚቻል ነው። ለሚክሊክ ፈንጂ የሌለው የልምምድ ገመድም አለ።

በእግር ለሚጥሱት ባንጋሎር ቶርፔዶ ጥሩ ምሳሌ ነው። የብሪታኒያው ካፒቴን ማክሊንቶክ በ1912 ሕንድ ውስጥ ባንጋሎር ከተማ ነው የፈለሰፈው። እርስ በርስ የሚገጣጠሙ ፈንጂ የተሞሉ ቱቦዎች ናቸው፤ በሽቦው ሥር ይገፋሉ። ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም ዛሬም ይሠራበታል። ባዶውን ቱቦ በደረት እየተሳቡ መግጠምና መግፋት ከባድ ነው። ሌሊት፣ በጓንትና በጋዝ ጭንብል ደግሞ የባሰ ነው። ድካሙን የሚያስተምረው ቱቦው ነው፤ ለዚህ ፈንጂ አያስፈልግም።

ብዙ ጊዜ ችላ የሚባለው ምልክት ማድረጉ ነው። መተላለፊያ ተከፍቶ ታንከኛው ካላየው እንዳልተከፈተ ይቆጠራል። መግቢያው ከሩቅ መታየት አለበት። ጠርዙ በቀንም በሌሊትም መለየት አለበት። መውጫውም መታወቅ አለበት። ክፍሎች መጣሱን በሩጫ ሠርተው ምልክቱን "ይህቺ ቀላል ናት" ብለው ይዘሏታል። እኔ አሠልጣኝ ብሆን ሰዓቱን የማቆመው ምልክቱ ተጠናቆ የመጀመሪያው ተሽከርካሪ ማዶ ሲወጣ ነው።

ድክመቱስ? ፍርሃት የለም። ፈንጂው ባዶ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ሰው ቀና ብሎ ይራመዳል፣ መከለያ ውስጥ ሳይገባ "ፈነዳ!" ይላል፣ የደኅንነት ርቀቱን ያሳጥራል። መጥፎ ልማድ በዚህ መንገድ ይገባል። ይህን የሚከላከለው የበታች ሹሙ ነው። ባዶውን እንደ እውነተኛ የማይይዝን ሰው ከመጀመሪያው እንዲጀምር ማድረግ አለበት።

ሲሙሌተር

ስለ ሲሙሌተር ሁለት ጽንፍ ይሰማል። አንዱ ሁሉንም ይተካል ይላል። ሌላው ጨዋታ ነው ብሎ ያጣጥለዋል። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

ሲሙሌተር የሚጠቅመው ተሽከርካሪው ውድና ጥቂት ሲሆን ነው። ለምሳሌ ኤም 1150 የተባለው የአሜሪካ ጣሽ ተሽከርካሪ በኤብራምስ ታንክ አካል ላይ የተሠራ ነው። ከፊቱ ማረሻ አለው፣ ከኋላው ሁለት የፈንጂ ገመድ ማስወንጨፊያ ይይዛል። የአሜሪካ ማሪኖች በውጊያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠቀሙበት በታኅሣሥ 2009 አፍጋኒስታን ውስጥ ነው። እንዲህ ያለውን ከባድ ነገር በየሳምንቱ ማውጣት ነዳጅና ጥገና ይበላል። የውስጥ ሠራተኞቹ ቅደም ተከተሉን በሲሙሌተር ደጋግመው ቢሠሩ ትልቅ ትርፍ ነው። ስሕተት ሲሠሩም ወዲያው ደግመው ይጀምራሉ። አዛዡም ጭሱንና ተኩሱን እያቀናጀ በአንድ ከሰዓት በኋላ ብዙ ጊዜ መሞከር ይችላል።

ለእግረኛ መሐንዲስ ግን ትርፉ ትንሽ ነው። ጭቃ፣ ክብደት፣ ድካምና የደነዘዘ ጣት በስክሪን አይመጡም። ምልክት ማድረግም አንድ ቁልፍ መጫን ይሆናል።

ለመግዛት ወይም ለመጠቀም የምታስቡ ከሆነ ሦስት ነገር ጠይቁ። የፈንጂ ገመዱ አንዳንዴ እንዳይፈነዳ ማድረግ ይቻላል ወይ? መድፈኛውና ታንከኛው በዚያው ምስል ውስጥ አብረው ይገባሉ ወይ? ጠላት በድሮን እያየ ምላሽ ይሰጣል ወይ? ለሦስቱም መልሱ "አይ" ከሆነ ያገኛችሁት የመንዳት ማሠልጠኛ ነው። እሱም ይጠቅማል፤ ዋጋውን ግን በዚያው ልክ መዝኑት።

እውነተኛ ፈንጂ

አንዳንድ ነገር ያለ እውነተኛ ፈንጂ አይገኝም። የመጀመሪያው በራስ መተማመን ነው። ፈንጂ ነክቶ የማያውቅ ወታደር ይፈራል፣ ወይም ጭራሽ አይፈራም። ሁለቱም አደገኛ ናቸው። ሁለተኛው የፍንዳታውን ውጤት በዓይን ማየት ነው። ሽቦው ሙሉ በሙሉ እንደማይቆረጥ፣ ቦዩ እንደታሰበው እንደማይናድ፣ አቧራው ለረጅም ጊዜ እንደሚጋርድ የሚያውቀው ያየ ሰው ነው። ሦስተኛው አልፈነዳ ሲል የሚሰማው ዝምታ ነው። ያኔ መጠበቅን፣ አለመሮጥንና በመመሪያው መሠረት አንድ ሰው ብቻ መላክን የሚያስተምር ሌላ ነገር የለም።

ችግሩ አከፋፈሉ ላይ ነው። አንድ ትልቅ የፈንጂ ገመድ ሲተኮስ ቁልፉን የሚጫነው አንድ ሰው ነው። ሌላው ከሩቅ ሆኖ ያያል፣ በስልኩ ይቀርጻል። ምድር ይንቀጠቀጣል፣ ሁሉም ይደሰታል። ችሎታው ግን ለአንድ ሰው ነው የተጨመረው፤ ያም ቁልፍ የመጫን ችሎታ ነው።

ስለዚህ በጀቱን የሚወስን ሰው ብሆን ትልቁን ትርዒት ቀንሼ ትንንሹን አበዛለሁ። እያንዳንዱ ወታደር፣ አዲስ የመጣውን ጨምሮ፣ በራሱ እጅ ያዘጋጀውን ትንሽ ፈንጂ በዓመት ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ ያፈንዳ። ይህ ለመቶ ሰው ተመልካችነት ከሚወጣው ፈንጂ የበለጠ ይጠቅማል። ትልቁ ገመድ ሲገኝ ደግሞ ለብቻው አይተኮስ። ከፊቱ ጭስ፣ ከኋላው ማረሻና ምልክት አድራጊ ቡድን ይኑር። ፍንዳታው ከሙሉው ሥራ አንድ ክፍል ሆኖ ይታይ።

ሌላም ነገር አለ። በእውነተኛ ፈንጂ ቀን የደኅንነት ሕጉ ሁሉንም ያዘገያል። ማዘግየትም አለበት። ስለዚህ ያ ቀን ፍጥነትንና ቅንጅትን ለመማር አይመችም። ወታደሩ እዚያ ሲደርስ ቅደም ተከተሉን ጨርሶ የሚያውቅ መሆን አለበት።

ትልቁ የጋራ ልምምድ

በ1942 ነሐሴ በፈረንሳይዋ ዲየፕ የወረዱት የካናዳ ወታደሮች የገጠማቸው ይህን ጉዳይ በደንብ ያሳያል። ታንኮቹ ከባሕሩ ዳርቻ ወደ ከተማው እንዳይገቡ መንገዶቹ በኮንክሪት ተዘግተው ነበር። ማፍረሻውን የያዙት መሐንዲሶች ብዙዎቹ እዚያ ሳይደርሱ ወደቁ። ታንኮቹም በዳርቻው ታግተው ቀሩ። መሐንዲሶቹ ሥራውን ስላላወቁት አልነበረም። የጠላትን እሳት የሚያፍን ስላልነበረ ነው።

ብሪታኒያ ከዚህ ትምህርት ወሰደች። በጄኔራል ፐርሲ ሆባርት የሚመራው 79ኛ ብረት ለበስ ክፍለ ጦር መሐንዲሱን ከብረት ጀርባ አስቀመጠው። ፈንጂን በሰንሰለት እየደበደበ የሚያፈነዳ ታንክ፣ ምሽግ የሚሰብር ታንክና ድልድይ የሚጥል ታንክ አዘጋጀ። በስኮትላንድ የጀርመኖቹን የባሕር ዳርቻ ምሽግ የሚመስል ግንብ ተሠርቶ ልምምድ ተደረገበት። ሰኔ 6 ቀን 1944 በኖርማንዲ እነዚያ ታንኮች ከእግረኛው ጋር አብረው ወረዱ።

ትልቅ ልምምድ የሚያሳየው ይህን ዓይነቱን ነገር ነው። በካሊፎርኒያ ፎርት ኧርዊን ያለው የአሜሪካ ብሔራዊ ማሠልጠኛ ማዕከል ብርጌዶችን በሙሉ አስገብቶ ከሠለጠነ ተፋላሚ ኃይል ጋር ያገናኛቸዋል። መሰናክል መጣስም እዚያ ከሚፈተኑት ከባድ ነገሮች አንዱ ነው። ደጋፊው ዘግይቶ ሲደርስ፣ ጭሱ በተሳሳተ ቦታ ሲወድቅ፣ መሐንዲሱ ከአጥቂው ኋላ ተሰልፎ ሲገኝ እዚያ ይታያል።

ግን እንደ ፈተና እንጂ እንደ ትምህርት ቤት አትቁጠሩት። ጥሰቱ በአንድ ልምምድ ውስጥ ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የሚሠራው። ከዚያ ክፍሉ ይመለሳል። መሪዎቹ ይዛወራሉ። የተገኘው ትምህርት በሪፖርት ውስጥ ይቀራል። በዓመት አንዴ በትልቁ ተለማምዶ ሌላውን ጊዜ ዝም የሚል ክፍል በየወሩ በትንሹ ከሚለማመደው ያነሰ ዝግጁ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከ2023 ወዲህ ደግሞ አንድ ነገር ተጨምሯል። በዚያ ዓመት ሰኔ በዛፖሪዥያ ግንባር የዩክሬን ብረት ለበስ ክፍሎች ጥቅጥቅ ባለ የፈንጂ ሜዳ ውስጥ ሲገቡ ብዙ ብራድሌይና ሌዮፓርድ ተሽከርካሪ አጥተዋል። በተከፈተው ጠባብ መተላለፊያ የተደረደረው ሰልፍ ከሰማይ በድሮን ይታይ ነበር። መድፍና የጠላት ሄሊኮፕተር ይጠብቀው ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙው ሥራ በእግር ወደሚሄዱ ጥቂት መሐንዲሶች ዞረ፤ በእጅ እየፈለጉ፣ አብዛኛውን ጊዜ በጨለማ። ስለዚህ ባለ ብረት ለበስ ክፍሎች በእግር መጣስን እንደ ድሮ ሙያ አይተዉት። በልምምዱም ላይ ከላይ የሚያይ ድሮን ይኑር። አነስተኛ የንግድ ድሮን አስነስቶ ሰልፉ ከላይ ምን እንደሚመስል ለአዛዡ ማሳየት ብዙ ወጪ የለውም። ቪዲዮው ከረጅም ግምገማ የበለጠ ያስተምራል።

ኮርስና ውድድር

በአጭሩ ልለፈው። በሚዙሪ ፎርት ሊዮናርድ ውድ የሚሰጠው የ28 ቀን የሳፐር (የውጊያ መሐንዲስ) መሪዎች ኮርስን የመሰሉ ትምህርቶች ጠንካራ ሰው ያወጣሉ። የመሐንዲሶች ውድድርም ሞራል ያነሳል። ግን ችሎታው የሚቀመጠው በሄደው ሰው ላይ ነው። ሰው ወደ ኮርስ ስትልኩ ሲመለስ የትኛውን ልምምድ እንደሚያሠለጥን ቀድማችሁ ወስኑ። ካልሆነ አንድ ምልክት በደረቱ ላይ ለጥፎ ይመጣል፣ ክፍሉ ግን ባለበት ይቀራል።

ታዲያ ለእናንተ ክፍል የትኛው?

ሰው ቶሎ ቶሎ የሚቀያየርበት ክፍል ከሆነ፣ ያለ ፍንዳታ የሚደረገውን አጭር ልምምድ በየወሩ አድርጉ። ግማሽ ቀን ይበቃል። ለአዲስ መጪዎች ተብሎ ለብቻ አይደረግ። አዲሱ ሰው ከነባሩ ጎን በእውነተኛ ቦታው ይግባ።

ባለ ብረት ለበስ ክፍል ከሆነና ነዳጅ ካነሰ፣ ቅደም ተከተሉን በሲሙሌተር ጠብቁት። የተቆጠበውን ነዳጅ ግን በበርካታ ትንንሽ መውጫዎች አትበትኑት። ከታንከኛው ጋር ለሚደረግ አንድ በቂ ልምምድ አስቀምጡት።

ቀላል እግረኛን የሚደግፍ ክፍል ከሆነ ሲሙሌተሩን እርሱት። ገንዘቡ ለሽቦ፣ ለልምምድ ፈንጂ፣ ለባዶ ቱቦና ለሌሊት ይዋል። ሌሊቱን በተለይ አደራ። በቀን ያማረው አሠራር በጨለማ ሲፈርስ ካላያችሁ በምን ላይ እንደምትተማመኑ አታውቁም።

ስምሪት የተቃረበበት ክፍል ከሆነ አዲስ ነገር መጀመር ይቅር። የሚገጥማችሁን መሰናክል መረጃ ያዙ፣ በልኩ ሥሩት፣ ከሚያጅቧችሁ ክፍሎች ጋር ብቻ ደጋግማችሁ ተለማመዱ። ለዚህ ጊዜ የአሸዋ ገበታና በእውነተኛ ልክ የተሠራ ሜዳ ከሁሉም ይበልጣሉ።

ከታንክም ከመድፍም ጋር መገናኘት ለማይችል ክፍልም መንገድ አለ። ሁለት የበታች ሹሞችን ሬዲዮ አስይዛችሁ ደጋፊና መድፈኛ አድርጓቸው። እንዲዘገዩ፣ እንዲሳሳቱ፣ እንዲጠፉ ንገሯቸው። ከእውነተኛው ያንሳል፤ ያለ ሬዲዮ ድምፅ ከሚደረግ ልምምድ ግን በጣም ይሻላል።

ጊዜውን ለማከፋፈል እኔ የምመክረው ይህ ነው። በየወሩ ያለ ፍንዳታ፤ በየሦስት ወሩ ከአጋር ክፍሎች ጋር በአሸዋ ገበታና በእግር፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ለእያንዳንዱ ሰው ትንሽ እውነተኛ ፈንጂ፤ ትልቁ የጋራ ልምምድ ደግሞ በተገኘ ጊዜ። ከትልቁ ልምምድ በኋላ ባሉት ሳምንታት እዚያ የተበላሸውን ብቻ መርጣችሁ በሰፈር ሜዳ ድገሙት። ይህን ክፍል የሚዘሉት ብዙዎች ናቸው፤ ሁሉም ደክሞት መሣሪያ ያጸዳል፣ ከዚያ ዕረፍት ይወጣል።

ሥራው መያዙን ለማወቅ ሰዓት ብቻ አትመልከቱ። ፈጣን ክፍል ምልክቱን ዘልሎ ሊሆን ይችላል። ልምምዱን ሳታሳውቁ አንድ ቀን ጥሩ። ሥራው ተጀምሮ ጭሱ ሲነሳ የጋንታ መሪውን "ቆስለሃል" ብላችሁ ከጎን አስቀምጡት። ምክትሉ ቀጣዩን ትእዛዝ ለማን በየትኛው ሬዲዮ እንደሚያስተላልፍ ካላወቀ፣ የሚቀጥለው ወር ልምምድ ርዕስ ተገኝቷል። እያንዳንዱ ወታደር የትኛውን ቦታ መቼ እንደሠራ የሚያሳይ አንድ ገጽ መዝገብም ያዙ። ስሙ ከአንድ ቦታ ብቻ ሥር የሚታየው ሰው በሚቀጥለው ዙር ቦታውን ይቀይር።